በደንብ ተላጭተው ይምጡ

ጥርሳችሁን ቢያማችሁ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ይሆንላችኋል። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ንከሱበት ይላል፣ ሌላው ቅርንፉድ ያዛል፣ ሦስተኛው ጥርስ የሚነቅል የአጎት ልጅ አያጣም። ለወገብም ለጨጓራም እንዲሁ ነው። ከቀበቶ በታች ላለው ጉዳይ ግን፣ በተለይ ለወንድ፣ የሚመክር ሰው አይጠፋም፤ የሚጠፋው የሚጠይቁበት አፍ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባልን ነው ያደግነው። ተረቱን እናውቀዋለን፤ በሽታውንም እንደብቀዋለን። እኔ ደግሞ በሽታ እንኳ አልነበረኝም።

የነበረችኝ ሚስት ናት፤ ጽጌ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሦስት ሴቶች ልጆቻችን ጋር እንኖራለን። ሦስተኛዋ ስትወለድ የጽጌ ደም አልቆም ብሎ፣ ትመለስልኝ አትመለስልኝ ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ ኮሪደር ለኮሪደር ተንጎራድጃለሁ። ሐኪሙ ሲያሰናብተን «አራተኛ እንዳታስቡ» አለን። ከዚያ በኋላ እንክብሉ ራሷን አመማት፣ መርፌው አልተስማማትም፣ ክንዷ ውስጥ የተቀበረላትም ሲያደማት ከርሞ ወጣ። አንድ ቅዳሜ ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አሥራ ሁለት ዓመት እኔ ዋጥኩ፣ እኔ ተወጋሁ። አሁን ያንተ ተራ ነው» አለችኝ።

የምን ተራ እንደሆነ ሲገባኝ የልጅ ካልሲ በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ።

እሺ ማለቱ አልከበደኝም፤ እውነቱን ለመናገር እምቢ የምልበት ፊት አልነበረኝም። የከበደኝ ምን እንደሚደረግ አለማወቄ ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሁሉን የሚያውቅ ታደሰ የሚባል ባልደረባ አለኝ። «አንድ ጓደኛዬ ልጅ ላለመውለድ ሊቆረጥ ነው፤ ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩት። ታደሰ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጓደኛህ ሙክት ሊሆን ነዋ» አለ። «መጀመሪያ ይሰባል። ቀጥሎ ድምፁ ይቀጥናል። ጢሙም ይረግፋል።» ቀጠለና በሐዘኔታ «አይዞህ በለው» አለኝ። ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነበር።

ከሾላ ገበያ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ክሊኒክ የተቀበለችኝ ነርስ ዕድሜዋ የእኔን ግማሽ ቢሆን ነው። «ባለቤትዎ ያውቃሉ?» አለችኝ። «ያዘዘችው እሷ ናት» አልኳት። ወረቀት ላይ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ሣለችልኝ። የሚቆረጡት እነዚህ ብቻ ናቸው፤ ፍሬው አይነካም፣ ጉልበትዎም ፍላጎትዎም ባለበት ነው፣ ፈሳሹም እንደ ወትሮው ይመጣል፤ ውስጡ ዘር አይኖርም እንጂ። መልሶ መቀጠል ግን ከባድ ነው፣ ሁልጊዜም አይሳካም፤ በደንብ አስበውበት ይወስኑ። ስለ ድምፄ ሦስት ጊዜ ጠየቅኳት። ሦስቱንም ጊዜ ሳትስቅ መለሰችልኝ፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። የቀረውን ሁሉ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ። አንዳንድ ራስ የሚነቀነቀው ገብቶት ሳይሆን ቶሎ ለመውጣት ነው።

ስትሸኘኝ «ሐሙስ ጠዋት በደንብ ተላጭተው፣ ታጥበው፣ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ይዘው ይምጡ» አለችኝ።

ሐሙስ በማለዳ ፀጉር ቤት ገባሁ። ከሠርጌ ጀምሮ ያልተለየኝን ጢም ሙልጭ አድርጌ አስላጨሁ። ታደሰ ይረግፋል ያለው እንደሆነ፣ ከመርገፉ በፊት በክብር ይሂድ ብዬ ነው የተጽናናሁት። ክሊኒክ ደረስኩ፣ ጋውን ለበስኩ፣ አልጋው ላይ ተጋደምኩ። ነርሷ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው።

«አልተላጩም እንዴ?»

«ተላጭቻለሁ።»

«የት?»

«ሾላ፣ ታክሲ ማዞሪያው ጋ ካለው ፀጉር ቤት።»

ፊቴን አየችው። ያን ጊዜ ገባኝ። መላጫ ይዛ መጣች፤ ሐኪሙ ወደ ግድግዳው ዞሮ ረጅም ሳል ሳለ።

አንድ ቀን ብትሄዱ ምን እንደሚጠብቃችሁ ልንገራችሁ። የማደንዘዣው መርፌ ይቆጠቁጣል፤ ንብ የማይገባት ቦታ የገባች ያህል። ከዚያ በኋላ ሕመም የለም፤ እስከ እንብርት የሚስብ፣ ስም ያላገኘሁለት ነገር ነው ያለው። ሐኪሙ ስለ መንገድ መጨናነቅ ሲያነሳ፣ እኔ ስለ አባዶ ታክሲ ሰልፍ ስመልስ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ጨርሰናል» አለ። ለጥቂት ቀን ከባድ ነገር እንዳላነሳ፣ ቦታውን በበረዶ እንድይዘው፣ ደረጃም እንዳላበዛ ተነገረኝ።

ደረጃ ሲሉኝ አራተኛ ፎቅ ታየኝ። አባዶም ሩቅ ነው። ስለዚህ እንጦጦ ግርጌ ወዳለው ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። ግራ ካልተጋባ ሰው የማይጠበቅ ውሳኔ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው እሷን ነበርና። ሦስቱም ልጆቼ ሲወለዱ እልል ብላ ስታበቃ «የሚቀጥለው ወንድ ነው» የምትል ሴት ናት። ወገቤን ነው ልላት ወስኜ፣ ሚኒባሱ በየጉድጓዱ ሲነጥር ጥርሴን ነክሼ ውሸቴን ስለማመድ ደረስኩ።

በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «የሙሽራ ፊት ይዘህ በሐዘንተኛ አካሄድ የምትመጣው ምን ሆነህ ነው?»

«ወገቤን ነው፣ እማዬ።»

«ወገብ እግር አያንፈራጥጥም።»

እውነቱን ነገርኳት። ከጽጌ ደም ጀምሬ እስከ ቱቦው ድረስ፣ መሬት መሬት እያየሁ። ስጨርስ ተነስታ ፍሪጁን ከፈተች፣ በረዶ የሆነ ሥጋ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ካንተ በፊት ሁለት ቀብሬአለሁ» አለች። «ካንተ በኋላ በመጣው ደግሞ እኔ ልቀበር ነበር። አባትህ ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ግን በሚቀጥለው ብትሞቺስ ብሎ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም እንዲህ ያለ ነገር የሚጠየቅ አይመስለኝም ነበር።»

የተዘጋጀሁት ለቁጣዋ ነበር፤ ለዚህ አልነበረም። «ወንድ ልጅ ትፈልጊ አልነበር?» አልኳት።

«አሁንም እፈልጋለሁ። ጽጌን ደግሞ አብልጬ እፈልጋታለሁ» አለች። «ሥጋውን ቦታው ላይ ያዘው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ከመሰላችሁ እንደ እኔ ተሳስታችኋል። ቱቦው ቢቆረጥም ቀድሞ የተሻገረ ዘር አለ። ሦስት ወር ያህል በሌላ መንገድ ተጠንቅቆ፣ ናሙና አስመርምሮ፣ የለም የሚል ውጤት እስኪያገኙ ምንም እንዳልተደረገ መቁጠር ነው። ነርሷ ይህን ነግራኝ ነበር፤ ራሴን በምነቀንቅበት ሰዓት። ደግነቱ ጽጌ የተሰጠኝን ወረቀት አንብባዋለች።

ውጤቱን የሰጡኝ ቀን ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ደወልኩላት። «ምንም የለም» አልኳት። ይህን ቃል በኩራት የተናገረ ሰው ከእኔ በፊት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቼሃለሁ» አለች። የቀጠነው የእሷ ድምፅ ነበር። «ትንሿ ከተወለደች ጀምሮ በየወሩ ቀን እየቆጠርኩ ስፈራ ነው የኖርኩት። እስኪ ትንሽ ልቀመጥ።»

ስትፈራ እንደኖረች አላውቅም ነበር። በአንድ አልጋ ነው እንግዲህ የምንተኛው።

በቅርቡ በእናቴ ጎረቤት ለወንድ ልጅ ክርስትና ተጠርተን ሄድን። የሰፈሩ ሴቶች እናቴን ከበው «ያንቺስ ወንዱ መቼ ነው? ልጅሽ ሰነፈ እኮ» ይሏታል። እኔ ሳህኔ ላይ አቀርቅሬአለሁ።

«እኔ ጸሎቴን አላቋረጥኩም» አለች እናቴ፣ ረጋ ብላ። ሴቶቹም «ይስማሽ፣ ይስማሽ» አሏት።

ስንመለስ ክንዷን ይዤ ዳገቱን እያወጣኋት «እማዬ፣ ውሸት አይሆንም እንዴ?» አልኳት።

«ምን ብዬ እንደምጸልይ መች ጠየቁኝ» አለች።

እኔም አልጠየቅኳትም።