ባለ ስምንት ጎጆው መንግሥት

አገር ትልቅ መሆን አለበት ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። ማንም ይሁን ማን፣ ብዙ መሬት የነበረው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ሰሞኑን ጎረቤቴ አዲስ የገዛውን ሬዲዮ ከበን ተቀምጠን ስለ አንዲት የደሴት አገር ሲወራ ሰማን። ወዲያ ውቅያኖስ መሃል ያለች፣ በእግር ቢዞሯት ከጧት ተነስቶ ለምሳ የሚደረስባት፣ ግን የራሷ ሹማምንት፣ የራሷ ዳኛ፣ የራሷ ሰንደቅ ያላት ናት አሉ። ሰዉ ጉድ አለ፤ ይችም አገር ሆና ተብሎ ተሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ እናንተም አትሳቁ። በጣሊያን ጊዜ እኔ ራሴ የደሴት አገር ሰው ነበርኩ። ያውም ባሕር ሳልሻገር፣ እዚሁ ይፋት ቆላ ውስጥ፣ ከሸዋ ሮቢት ትንሽ ወረድ ብሎ።

ከመልክዓ ምድሩ ልጀምር፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ነው የሚጀመረው። የሮቢ ወንዝ በበጋ ጨዋ ነው። ክረምት ሲገባ ግን የደጋውን ዝናብ ሁሉ ጠጥቶ ይመጣና የሚሄድበትን አያውቅም። ጣሊያን በገባ ዓመት ክረምቱ ላይ የነበረበት ቦታ አልበቃው ብሎ ከማሳችን ጀርባ ሌላ ቦይ ቀደደ። ጧት ስንነሳ በስተምሥራቅም ውሃ፣ በስተምዕራብም ውሃ ሆነ። መስከረም ጠባ፣ ውሃው ጎደለ፣ አዲሱ ቦይ ግን አልደረቀም። መሃል ላይ የቀረው ስምንት ጎጆ፣ ለማሽላ የሚመች ጥቁር አፈር፣ አንድ ሾላና ሁለት ግራር ነው። ርዝመቷ አንድ ሰው ከጫፍ ሆኖ ቢጣራ ሌላው ጫፍ ላይ ያለው «አቤት» የሚልባት ነበረች። ወርዷን አልነግራችሁም፤ ታዝናላችሁ።

ሕዝቧ ስምንት አባወራ ከነሚስቱ ከነልጁ ነው፤ አምስቱ እስላም፣ ሦስታችን ክርስቲያን። አንጣላም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ፍየል ማሳ ገባች ብለን እንጣላለን፣ ውሃ መቅጃው ደፈረሰ ብለን እንጣላለን። በሃይማኖት ለመጣላት ግን ጊዜም አልነበረን። ማሽላ ማሸት ሲጀምር ግሪሳ ይመጣላ! ግሪሳን የማታውቁ ደገኞች ካላችሁ፣ ትንሽ ወፍ ናት፤ ብቻዋን ብትመጣ ማንም አይቆጣትም። የምትመጣው ግን ፀሐይ እስኪጋረድ ተሰብስባ ነው፤ ካረፈችበት ማሳ ስትነሳ የሚቀረው አገዳ ብቻ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ትልቁ ሥራ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ መዋል ነበር።

መንግሥቱ ሸህ እንድሪስ ነበሩ። የሾማቸው የለም፤ የሻራቸውም የለም። ሰባን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ በዕድሜያቸው ዋሽተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ይህ ደግሞ ለጎረቤት ከባድ ጠባይ ነው። ማሽላዬ ዘንድሮ እንዴት ነው ብላችሁ ብትጠይቋቸው፣ ሰንፈሃል ይሏችኋል። ባለቤታቸው እትዬ ፋጤ የአገሩ አዋላጅ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ክፉውንም ደጉንም ሳይስቁ አይናገሩም። ባልና ሚስት ተደምረው አንድ ደህና መንግሥት ይወጣቸው ነበር።

ታዲያ በዚያ ጊዜ ጣሊያን ጣርማ በር ላይ ተራራውን እየበሳ ወደ ቆላው መንገድ ያወርድ ነበር። መንገዱ ደግሞ ሰው ይበላል። ከየጭቃ ሹሙ ግዛት በጎጆው ልክ ሰው ይወሰዳል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረው የለም፤ ድንጋይ ተንዶበት እዚያው የቀረም አለ። የምዕራቡ ማዶ ጭቃ ሹም ጎጆ ሲቆጠርበት፣ እነዚያ ስምንቱ የምሥራቁ ናቸው ይላል። የምሥራቁም በተራው፣ ኧረ የምዕራቡ ናቸው ይላል። ጎጆው ሲያንስ የሚሰጡት ሰው ያንሳልና አልፈርድባቸውም። ሰው በአባቱ ሲካድ ያለቅሳል፤ እኛ ግን ሁለት አባት ክዶን ደስ ብሎን አንድ ዓመት ኖርን።

በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ መንገዱን የሚያሠራው የጣሊያን ካፒቴን ራሱ በበቅሎ መጣ። ይህ የሆነው ሚስቴ ዘነበች ወር በገባች ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባታል። እትዬ ፋጤ ሆዷን ዳብሰው፣ ይሄኛው እንኳ ይበረክታል፣ ግን አጨዳ ድረስ አይጠብቅም፣ እናቱ ሳትራብ አንተም ከደጅ ሳትርቅ ይሁን ብለውኝ ነበር። እየሳቁ የነገሩኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ማሽላዬ ቆሟል፤ ግሪሳው ከካራቆሬ ወዲህ ታይቷል ተብሏል። እኔ ከተወሰድኩ ማሽላው የወፍ፣ ሚስቴ የእግዜር መሆናቸው ነው።

ካፒቴኑ ወፍራም ሰው ነው፤ ቆላው አልተስማማውም፤ ላቡን በጠረገ ቁጥር ወረቀት ያወጣል። ሁለቱን ጭቃ ሹሞችና አንድ አስተርጓሚ አስከትሏል። ካርታውን ዘረጋና አየ፤ እኛ የቆምንበት ቦታ ካርታው ላይ ውሃ ነው። ውሃ ላይ ምን ታደርጋላችሁ ብሎ ጠየቀን። የማን ናቸው ሲል ጭቃ ሹሞቹ የለመዱትን ካዱ። በዚህ ጊዜ የአገር ልጅ የሆነው አስተርጓሚ ልማዱን ነገረው፦ እዚህ አገር ድንበር ሲያከራክር እውነተኛ ሽማግሌ ምሎ ይረግጠዋል፤ እግሩ የሄደበት ድንበር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ አፉን የሚከፍት የለም። ሁለቱም ጭቃ ሹሞች ሸህ እንድሪስን መረጡ። እኔ በዚህ መሃል ወፎቹ ሲመጡ ስላየሁ ትቻቸው ማማዬ ላይ ወጣሁ። የቀረውን ከላይ ሆኜ ነው ያየሁትም የሰማሁትም።

ሸህ ቁርዓናቸውን ይዘው፣ «ወላሂ፣ የሁለቱ ማዶ ድንበር ከጥንትም ሮቢ ነው፤ ሮቢ በሄደበት እሄዳለሁ» ብለው ማሉ። ከዘራቸውን አሸዋው ላይ ተከሉ፤ ሽርጣቸውን ሰበሰቡና ውሃው ውስጥ ገቡ። በምዕራቡ ቦይ እስከ ጉልበታቸው እየጠለቁ ወረዱ። ሁለቱ ውሃ የሚገናኝበት ሲደርሱ ይቆማሉ ስንል ዞሩና በምሥራቁ ቦይ ሽቅብ ወጡ። ካፒቴኑ በበቅሎው ዳር ዳሩን እየተከተለ ወረቀቱ ላይ ያሰምራል። በመጨረሻ ሸህ ከከዘራቸው አጠገብ መጥተው ቆሙና ጨርሻለሁ አሉ። ካፒቴኑ የሣለውን አየው፤ ክብ ነው። ወረቀቱን አዞረው፤ ክብ ደግሞ ቢያዞሩት ያው ነው። ጭቃ ሹሞቹ እሳቸው የረገጡት እንዳይፈርስ ፈጥነው እጅ ነሱ።

ማማዬ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። የማንም አይደለንም፤ ተገላገልን አልኩ። ካፒቴኑ ግን ሌላ ወረቀት አወጣ። የማንም ያልሆነ ግዛት የራሱ ግዛት ነው፤ የራሱ ግዛት የሆነ ሹማምንት ይኖሩታል፤ ሹመት የሌለው ወንድ ሁሉ ደግሞ መንገድ ሥራ ይሄዳል አለ። ሸህ እንድሪስ ጥቂት አሰቡና በአስተርጓሚው በኩል አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ሹም ድንጋይ ይፈልጣል? አይፈልጥም ተባሉ። እንግዲያው ጻፍ አሉ።

ወረቀቱ ሰባት መስመር ነበረው። ገዥ፣ ራሳቸው። ዳኛ፣ በፍየል ነገር ከሁላችን ጋር የተካሰሰው ጎረቤታችን። ጸሐፊ፣ ሀን ከሁ የማይለይ ሰው። ምክትል ገዥ፣ ዘበኛ፣ የጤና ኃላፊ፣ የከብት ኃላፊ፤ የከብት ኃላፊው ሀብት አንዲት አህያ ናት። ካፒቴኑ እየሳቀ ጻፈ፤ መስመሩ ከሞላ ለአለቆቹ ይበቃዋል። ሰባት መስመር፣ ሰባት ሰው። ከዚያ ሌላ ወንድ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሸህ እንድሪስ ብቻ፣ አንድ አለ አሉ።

ሰባት ራስ ወደ ማማዬ ሲዞር አየሁ። ሲሾሙ ሥራ ላይ የነበርኩ እኔ ነኛ! ይህን ምክር በነጻ ውሰዱት፤ ሹመት በሚታደልበት ሰዓት ወፍ አትጠብቁ። ካፒቴኑ መስመር ይጨመርልን ሲባል እሺ አላለም፤ ሕዝብ የሌለው መንግሥት እኔም አላየሁም ብሎ ከግርጌው «ሕዝብ፦ አንድ» ብሎ ጻፈ። ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ በሲባጎ አንጠልጥሎ ተወልኝ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ይህ ቆርቆሮ ጣርማ በር ካልታየ ደሴቷ ትቃጠላለች ብሎ ሄደ።

ወርጄ ቆርቆሮውን በእጄ ስይዘው ተናደድኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠላኋቸው። ዘነበች በር ላይ ቆማ ታያለች፤ አታለቅስም፣ ሆዷን ብቻ ይዛለች።

«ሸህ» አልኳቸው፣ «አንድ ቀን ቢዋሹ ምን ነበረበት?»

«ምዬ ነው የቆምኩት» አሉ። «ምለህ ከረገጥክ በኋላ የምትናገረውም መሃላው ውስጥ ነው።»

ይህን ብለው ቆርቆሮውን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው አንገት ላይ አጠለቁት። አስተርጓሚው ሲሄድ ጠይቀውት ኖሯል፤ ጣርማ በር ያለው አለቃ የሚቆጥረው ቆርቆሮውን ነው፣ የሰውየውን ስምም መልክም አይጠይቅም ብሏቸዋል። ካልተጠየቁ ደግሞ ውሸት የለም። እትዬ ፋጤ ጋቢ ደረቡላቸውና፣ ደጋ ወጥተህ ብርዱን ስታየው እኔን ታስታውሳለህ ብለው ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

ያን ጊዜ ነው መንግሥታችን ወንፈል የገባው። ወንፈል፣ ተራ በተራ መተጋገዙ፣ ለአጨዳ ነው፣ ለጉልጓሎ ነው፤ ለግዛት ሲገባበት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አምስት አምስት ቀን ተባባሉ። ገዥው አምስት ቀን ድንጋይ ተሸክመው ሲወርዱ ዳኛው ቆርቆሮውን ተቀብለው ወጡ፤ ዳኛው ሲወርዱ ጸሐፊው፣ ከዚያ ዘበኛው፣ ሌሎቹም እንዲሁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የእኛዎቹ የበሉት የተራራ አቧራ ነው። እኔ እታች ማማ ላይ ሆኜ የስምንቱን ማሳ ወፍ ጠበቅኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ፤ ወንጭፍ መዳፌን ላጠው። ዘነበች በጸሐፊው ተራ፣ እኔ ደጅ ቆሜ፣ በእትዬ ፋጤ እጅ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ልጁ አርባ ቀን ሳይሞላው የስምንቱም ማሽላ ታጭዶ ተከመረ።

ሰባቱም ሲዞሩ ቆርቆሮው ተመልሶ መጣ። ሥራው ገና አላለቀም። እኔ ግን ሰበብ አልቆብኛል፤ ማሽላው ገብቷል፣ ልጁ ተወልዷል። ሸህ እንድሪስ ከተራራው ያመጡት ሳል አልለቀቃቸውም፤ አፈርኩ። ጧት ስንቄን ይዤ ሄድኩና ቆርቆሮውን ይስጡኝ፣ የእኔ ነው፣ የተጻፈውም በእኔ ነው አልኳቸው። አልሰጡኝም፤ አንገታቸው ላይ ነበር።

«አንተ ሕዝብ ነህ» አሉኝ። «ያለን ሕዝብ አንድ ነው። ድንጋይ ተንዶ ቢወስድብን እኛ ሰባታችን የማን ሹም ነን?»

ከዘራቸውን ይዘው፣ እያሳሉ፣ ውሃውን ተሻገሩ። ሊከራከሯቸው የሚቻል ሰው አልነበሩም። እኔም ሕዝብ ነኝና የመንግሥቴን ትእዛዝ አከበርኩ፤ ስንቄን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩና ልጄን ታቀፍኩ።