ሴራና ሴራሚክ

እኛ አገር ትልቅ ሰው መሞት አይችልም! ተራው ሰው፣ እኔና አንተ፣ አንቺና ጎረቤትሽ፣ ስንሞት ሞትን ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ አለቀ። ትልቅ ሰው ግን... በተለይ በጥይት የተመታ ትልቅ ሰው... ቀብሩ ላይ ተገኝተህ በእጅህ አፈር ብታለብሰው እንኳ፣ ማታ ቀብሩን በቴሌቪዥን ስታይ "እንዴ! ሳጥኑ ቀለል አላላቸውም?" የሚል ሰው ከአጠገብህ አይጠፋም።

ከእኔ አጠገብ የተቀመጡት ሰው የባለቤቴ አባት ናቸው።

ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። ቤታቸው ሲግናል ሰፈር ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ሰላም የሚላቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። ከወራት በፊት አንድ የታወቀ ፖለቲከኛ ተገደለ። ስሙን አልጠራም፤ ከጠራሁ ይሄ ነገር ወግ መሆኑ ይቀርና ቃል መስጠት ይሆንብኛል። እኛ ቤት "ባለባርኔጣው" ነው የምንለው፤ ያለ ቡናማ ባርኔጣው ታይቶ አያውቅማ! ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ በሩ ላይ ተኩሰው ገደሉት። ማን ገደለው? ኧረ እሱን ተዉት! ከሲ.ኤም.ሲ መገናኛ በሚኒባስ ስትሄድ ሦስት ገዳይ ታገኛለህ። ሹፌሩ የራሱ አለው፣ ረዳቱም የራሱ አለው። ከኋላ የተቀመጠችው ደግሞ "እኔ የሰማሁትን ብነግራችሁ..." ብላ ትጀምርና፣ ሁላችንም አንገታችንን ስናዞር "ወራጅ!" ብላ ከነገዳይዋ ትወርዳለች።

ጋሽ ታደሰ ግን በገዳዩ ጉዳይ ከማንም ጋር አይከራከሩም። የእሳቸው ጥያቄ ከዚያ ይቀድማል።

"ለመሆኑ ሞቷል?"

"ጋሼ፣ ተቀበረ እኮ!"

"ማን ተቀበረ? ሳጥን ነው የተቀበረው። ሳጥኑ ላይ ያስቀመጡትን ባርኔጣ አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

"አዲስ ነው! የእሱ ባርኔጣ ጠርዙ ያለቀ ነበር። አሮጌው የት ሄደ?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይዞት ሄዷላ!"

በቃ። አልሞተም። ሊገድሉት መሆኑን ቀድሞ ሰምቶ፣ በእሱ ቦታ ሌላ ሬሳ አስገብቶ፣ ባርኔጣውን አንጠልጥሎ ተሰውሯል። ለዚህ ምን ትመልሳለህ? እኔ ዳቦ ቆረስኩ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁና ሳቃችሁን ትንሽ ቀነስ አድርጉልኝ። ጋሽ ታደሰና ባለባርኔጣው በወጣትነታቸው በአንድ ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ነበር የሚበሉት። ከዚያ ሰውየው ፖለቲካ ውስጥ ገባ፤ ጋሽ ታደሰ እዚያው ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ዘመን አለፈና የሚተያዩት በቴሌቪዥን ብቻ ሆነ። እንግዲህ በቴሌቪዥን መተያየት ከተባለ፣ አንደኛው ብቻ ነበር የሚያየው። ሰውየው የተገደለ ዕለት እትዬ አልማዝ፣ የባለቤቴ እናት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ተነስ፣ ለቅሶ እንድረስ" ቢሏቸው፣ ጋሽ ታደሰ "ላልሞተ ሰው አላለቅስም!" ብለው ከሶፋው ንቅንቅ አላሉም።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። ግን ሐኪም መጣ። "የደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ አየር የሚያገኙበት ቦታ እየወጡ ይራመዱ" አላቸው። እንጦጦ ፓርክ ወጡ። ወጥተው ሲመለሱ በሩ ላይ ሆነው ነው የጮኹት።

"አየሁት!"

ቱታ ለብሶ፣ ባርኔጣ ሳያደርግ፣ ሲራመድ አዩታ! ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጋሽ ታደሰን የሚይዛቸው ጠፋ። በዚያ ብርድ ባሕር ዛፍ ተደግፈው ያደባሉ። ሌላው ሰው እንጦጦ ሲወጣ ግፊቱ ይወርዳል፤ የእሳቸው አብሯቸው ይወጣል። ይባስ ብለው በየታክሲው ውስጥ ለማያውቁት ሰው ጮክ ብለው ማውራት ጀመሩ። ይሄን ጊዜ እትዬ አልማዝ አስጠሩኝ። አልሳቁም።

"ልጄ፣ አንድ ቀን ወይ ደም ግፊቱ እዚያ ጫካ ውስጥ ይጥለዋል፣ ወይ አፉ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ወይ ሰውየውን አምጣልኝ፣ ወይ ባሌን መልስልኝ!"

ባለቤቴን "አብረን እንሂድ" ብላት "እኔ ከሄድኩ እስቃለሁ፤ ከሳቅኩ ደግሞ አባዬ ዕድሜ ልኩን ይቀየመኛል" ብላ ለብቻዬ ሸኘችኝ። ጋብቻ እንዲህ ነው። አባቷ የእሷ፣ ተልዕኮው የእኔ!

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ታደሰን በመኪናዬ ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ተራራውን ጉም ሸፍኖታል፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን የምትፈልጉበት ዓይነት ጉም። ጋሽ ታደሰ በዚያ ጉም ውስጥ ጥቁር መነጽር አደረጉ።

"ጋሼ፣ መነጽሩ ለምንድን ነው?"

"እንዳያውቀኝ ነዋ!"

ሦስት እርምጃ እንደሄዱ ከአንድ ባሕር ዛፍ ጋር ተጋጩና "ይቅርታ" ብለውት አለፉ።

ብዙም አልቆየን። ጉሙ ገለጥ ሲል አንድ ቱታ የለበሰ ሸምገል ያለ ሰው ከዛፎቹ መሃል ወጣና መንገዳችን አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። እናንተዬ! ያው ግንባር፣ ያው አፍንጫ፣ ያው ሲቀመጥ ትከሻውን ሰበር የሚያደርግ ነገር። ለአፍታ ያህል፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የአዲሱ ባርኔጣ ነገር ለእኔም ገባኝ።

"አየህ?" አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ክንዴን ጨምድደው ይዘው።

"አየሁ። ጋሼ፣ እርስዎ እዚሁ ዛፉ ጋ ይቆዩ። እኔ ሻይ የማዝ መስዬ ጠጋ ብዬ ላጣራ።"

የልቤ ሐሳብ ሌላ ነበር። ሰውየውን ለምኜ መታወቂያውን እንዲያሳያቸው ላደርግ ነው። ጠጋ ብዬ "ይቅርታ አባቴ፣ አንድ ነገር..." ከማለቴ ሰውየው በረጅሙ ተነፈሱ።

"አይደለሁም።"

"ምኑን?"

"የሞተውን።"

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"ከድር እባላለሁ" አሉ፣ ብዙ ጊዜ ያሉት ነገር መሆኑ ያስታውቃል። "መገናኛ የሴራሚክ ሱቅ አለኝ። የወለልም የግድግዳም እሸጣለሁ። ስኳር ስላለብኝ ነው የምራመደው። ሌላ ምን ልንገርህ?"

"መታወቂያ ይዘው ከሆነ፣ እዚያ ዛፍ ጀርባ ያሉት የባለቤቴ አባት ናቸውና..."

"መታወቂያ?" ሳቁ፤ የደከመው ሰው ሳቅ። "ወንድሜ፣ መታወቂያዬን ባሳየሁ ቁጥር 'እንዴት አሳምረው ሠሩልህ!' ነው የሚሉኝ። አንዷ ሴትዮ ለመታጠቢያ ቤቷ ሴራሚክ መርጣ፣ ዋጋ ተነጋግረን፣ ቀና ብላ ስታየኝ እግሬ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ሳትገዛ ሄደች። አንዱ ደግሞ 'እኛን ሜዳ ላይ በትነህ አንተ ሴራሚክ ትሸጣለህ?' ብሎ ሰደበኝ። የገዛ ሚስቴ እንኳ አንዳንዴ ታየኝ ታየኝና ዝም ትላለች።"

"ታዲያ ምን ያደርጋሉ?"

"አዎ እላለሁ።"

"አዎ?"

"'አዎ፣ እኔው ነኝ፤ ለማንም እንዳትናገር' እላለሁ። ያቅፉኛል፣ ያለቅሳሉ፣ ይሄዳሉ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሌላ መላ አጣሁ።"

ይሄን ጊዜ ሰይጣን ጆሮዬ ላይ አረፈ። "ለማንም እንዳትናገር!" ጋሽ ታደሰ ምስጢር ቢሰጣቸው እኮ ይጠብቃሉ፤ የድሮ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ታክሲ ውስጥ ማውራት ቀረ፣ ማድባት ቀረ፣ ግፊቱም ወረደ ማለት አይደል?

"እባክዎ፣ ለእሳቸውም እንደዚያው ይበሉልኝ" አልኩ።

"ስማቸው ማነው? በስም ሲጠሩ ይበልጥ ያምናሉ።"

"ታደሰ።"

ተጨባበጥን። ወደ ዛፉ እጄን አወዛወዝኩ።

ጋሽ ታደሰ መጡ። መነጽራቸውን አውልቀዋል። ከሰውየው ፊት ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩት።

"አንተ!" አሉ በመጨረሻ። "አለህ እንዴ?"

"ታደሰ!" አሉ አቶ ከድር እጃቸውን ዘርግተው። "አዎ፣ እኔው ነኝ። አደራህን፣ ለማንም እንዳትናገር።"

ተቃቀፉ። እኔ በሆዴ ለራሴ አጨበጨብኩ። የሰላም ሽልማት የሚሰጥ ሰው እዚያ ጫካ ውስጥ ቢኖር ወዲያው በተቀበልኩ ነበር! ግን ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው ወደኋላ አሉ። ሰውየውን አንድ ጊዜ ደግመው አዩትና ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡት።

"ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ። እግዜር ይስጥልኝ" አሉ።

ሰማችሁ? "እርስዎ" አሏቸው! እንደማያውቁት ሰው።

ሄደው አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡ። ሮጬ ደረስኩ።

"ጋሼ፣ ምን ሆኑ? አገኙት እኮ!"

"ሞቷል" አሉ።

"እንዴ! አሁን 'እኔው ነኝ' አላለዎትም?"

"በዚህ ነዋ መሞቱን ያወቅኩት!" መሐረባቸውን አወጡ። "ልጄ፣ ያን ሰው አታውቀውም። ስንት ዘመን አብረን ስንበላ፣ የያዘው ምን ወጥ እንደሆነ እንኳ ሳህኑ እስኪከፈት ድረስ አይነግረኝም ነበር። 'ትናንት የት ጠፋህ?' ስለው 'አለሁ' ነው የሚለኝ። እሱ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን እያየ 'ተሳስተዋል ጌታው' ብሎኝ ያልፍ ነበር። 'አይደለሁም' ቢለኝ እኮ እሱ መሆኑን ባወቅኩ! እንዲህ በአንድ ጥያቄ 'አዎ'? ሞቷል። ጓደኛዬ ሞቷል።"

አለቀሱ። ያን ሁሉ ወራት ያላለቀሱትን፣ ትከሻቸው እየተርገፈገፈ፣ እንደ ልጅ። እኔ አጠገባቸው ቆምኩ። ወጌን ሁሉ ረሳሁት።

አቶ ከድር ከሩቅ አይተው ኖሮ ሻያቸውን ትተው መጡ። ከጋሽ ታደሰ ጎን ግንዱ ላይ ተቀመጡና "ያጽናዎት አባቴ። እኔ ከድር ነኝ፤ ስላታለልኩዎት ይማሩኝ" አሉ።

"አውቄያለሁ" አሉ ጋሽ ታደሰ። ግን እንዲሄዱም አልፈለጉም። የሟች መልክ ካለው ሰው ጎን ተቀምጠው፣ ስለ ሟች አወሩላቸው። ስለ ሳህኑ፣ በአንድ ክረምት በአንድ ጃንጥላ ስለ መሄዳቸው፣ ሰውየው ፖለቲካ ገባ ሲባል ስለ መናደዳቸው። አቶ ከድር ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ታደሰ አፍንጫቸውን ጠራርገው "ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?" አሏቸው።

"ሴራሚክ።"

የጋሽ ታደሰ ጆሮ ቆመ። "ሴራ..."

"ሚክ፣ አባቴ! ሚክ!"

ያን ዕለት ከሦስታችን መጀመሪያ ከልባቸው የሳቁት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ነገ ከባለቤታቸው ጋር ለቅሶ ሊደርሱ ወሰኑ። አቶ ከድር ደግነታቸው መጥቶ "እኔም አብሬ ልምጣ?" ሲሉ፣ እኔና ጋሽ ታደሰ እኩል ጮኽን። "ኧረ በሕግ!" በዚያ መልክ ለቅሶ ቤት ገብተው ስንቱን ይጨርሱልን!

ስንመለስ ጋሽ ታደሰ በመኪናው መስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ። ፊታቸው ፈክቷል። ቁልቁለቱን ጨርሰን ወደ ሲግናል ልንታጠፍ ስንል ድንገት ዞሩብኝ።

"ልጄ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ስሜን ማን ነገረው?"

ፍሬን ያዝኩ። ከኋላ ጥሩምባ ተነፋብኝ።

"'ታደሰ' አለኝ እኮ። መነጽር አድርጌ ዛፍ ጀርባ የቆምኩትን ሰው! ደግሞ ከአንተ ጋር ስትጨባበጡ አይቻችኋለሁ። ለመሆኑ ይሄን ነገር ማን አቀናበረው? ከአንተ ጀርባ ማነው ያለው?"

ቤት ገባን። ጋሽ ታደሰ ጫማቸውን ሳያወልቁ ወደ ሚስታቸው ሄዱ።

"አልማዝ! ጉዳዩ ሴራ አለበት። የልጅሽ ባል እጁ አለበት፤ ከበላዩ ደግሞ ያዘዘው ሌላ ሰው አለ!"

ያዘዙኝ እትዬ አልማዝ እኔን አየት፣ እሳቸውን አየት አደረጉና "ውይ! ደግሞ ጀመረው!" ብለው ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዞሩ። ባለቤቴም "አባዬ፣ አሁንስ አበዛኸው" አለች።

ጋሽ ታደሰ በዕድሜያቸው ስንት ሴራ ደርሼበታለሁ ብለው እንደነገሩን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ከዚያ ሁሉ እውነት የሆነችው ይቺ አንዷ ብቻ ናት... ይቺን ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያምናቸው ሰው አላገኙም።