ጓደኛህ እጁን ሲያነሳ

[ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ዳር፣ ጠዋት። ጋምቤላ ክልል ከተባለች ብዙም አልቆየችም። ሁለት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ታንኳ ይጠብቃሉ። ኤልናታን የትምህርት ቤቱ ግብ ጠባቂ ነው፤ ወፍራም ነው። ጋትሉዋክ አጥቂ ነው፤ ረጅም ነው። በመሃላቸው አንድ ማንጎ አለ።]

ኤልናታን፦ ማንጎ ምግብ አይደለም እያልኩህ ነው። ውሃ ነው።

ጋትሉዋክ፦ ውሃ ከሆነ ጠጣው።

ኤልናታን፦ ልጠጣው ስል እኮ ነው እጄን የመታኸኝ።

ጋትሉዋክ፦ ልትነክሰው ነበር። የሚነከስ ነገር ሁሉ ምግብ ነው።

ኤልናታን፦ አንተ ጥፍርህን ትነክስ የለም እንዴ?

ጋትሉዋክ፦ ጥፍር አይዋጥም። ስማ ኤልናታን፣ ስሙን ስለቀየርክለት ነገሩ አይቀየርም። የአባትህ መሥሪያ ቤት መምሪያ ነበር፤ ክልል ሆንን ተባለና ቢሮ ሆነ። ወንበሩ ተቀየረ?

ኤልናታን፦ ወንበሩስ ያው ነው። ትራስ ተጨመረበት።

ጋትሉዋክ፦ አየህ፣ አንተም ማንጎውን ውሃ ስትለው ትራስ ነው የጨመርክበት። አምጣው ወዲህ።

ኤልናታን፦ ምን ልታደርገው?

ጋትሉዋክ፦ ፈተናውን ከፊትህ ላነሳልህ። ሥራዬ ነው።

ኤልናታን፦ ትናንት ሳምቡሳዬንም እንዲሁ አነሳህልኝ። ወዲያው በላኸው።

ጋትሉዋክ፦ ታዲያ የት ላስቀምጠው? የተቀመጠ ምግብ ሰው ይጠራል። የተበላ ምግብ ግን ዝም ይላል።

ኤልናታን፦ እኔም እኮ ዝም እንዲል ብዬ ነው የምበላው።

[ጋትሉዋክ ማንጎውን ያነሳል። ከመንከሱ በፊት ዞር ብሎ መንገዱን ያያል።]

ኤልናታን፦ ማንን ነው የምትፈልገው?

ጋትሉዋክ፦ ማንንም። ሲስተር ፍቅርተ ድንገት ብታልፍ ብዬ ነው። እምነት የጣለችብኝ ሰው ናት። ያለችውን ረሳኸው? ከአባትህ ጋር ክፍላችን ድረስ መጥታ «ለዚህ ልጅ የምሰጠው ክኒን የለኝም» አለች።

ኤልናታን፦ አባቴ «መርፌስ?» አላት። መርፌ ከሌለበት ሕክምና አይመስለውም።

ጋትሉዋክ፦ «መርፌም የለም። መድኃኒቱ እኩያው ነው። የሚያበላው ሳይኖር አልወፈረም፤ አብሮት የሚያቆም ሳይኖርም አይከሳም» አለች። ከዚያ ክፍሉን ሙሉ አየችና እኔን መረጠች።

ኤልናታን፦ አልመረጠችህም። «ከእሱ ጋር ምሳ የሚበላ ፈቃደኛ ማን ነው?» ስትል እጅህን ያወጣኸው አንተ ነህ። ሁለቱንም እጅህን።

ጋትሉዋክ፦ ቆራጥነቴን እንድታይ ነው። ይልቅ ሕጉን በለው እስቲ።

ኤልናታን፦ ጠዋት ጠዋት አብሮ መሄድ። ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት። ጓደኛህ እጁን ከትሪው ሲያነሳ አንተም ማንሳት።

ጋትሉዋክ፦ ቀድሞ የሚያነሳው ማን ነው?

ኤልናታን፦ አንተ።

ጋትሉዋክ፦ ሁልጊዜ?

ኤልናታን፦ መጀመሪያ ላይ እንኳ አይደለም። መጀመሪያ ላይ የትሪውን አበባ እስክናይ ነበር የምንበላው። እማዬ «ይሄ ሕክምና ጎተራዬን ሊያራቁተው ነው» ብላ ነበር።

ጋትሉዋክ፦ ያ ጥናት ነው። በሽታውን ውስጡ ገብቼ እያጠናሁት ነበር።

ኤልናታን፦ በደንብ ነበር የገባህበት። ከዚያ ግን አንድ ቀን ሁለቴ ጎርሰህ እጅህን አነሳህ። የዓሣ ወጥ ነበር፤ ገና ይጨሳል። ኛማል ከእህቴ ከሊና ጋር ሒሳብ ላጥና ብላ መጥታ ጥግ ላይ የተቀመጠች ቀን ነው።

ጋትሉዋክ፦ ኛማልን ምን አመጣት አሁን?

ኤልናታን፦ ቀኑን ላስታውስህ ብዬ ነው።

ጋትሉዋክ፦ ያን ቀን ጥናቴ አለቀ። ራስን መግዛት ጀመርኩ።

ኤልናታን፦ እኔን እኮ የገረመኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ እጅህ ከጠረጴዛ በታች። እንዴት ነው የምትችለው?

ጋትሉዋክ፦ ሆድ ማለት እንደ ሕዝብ ነው። ሲጮህ ትሰማዋለህ፤ መልስ ግን አትሰጠውም። ሲደክመው ይተኛል።

ኤልናታን፦ አባቴም ቢሮ ውስጥ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ጋትሉዋክ፦ ለዚህ ነው ትራስ የተጨመረለት።

ኤልናታን፦ እማዬ ግን ኮሶ ያዘው ብላ ደንግጣ ነበር።

ጋትሉዋክ፦ አውቃለሁ። ያን መራራ ነገር በጥብጣ አጠጣችኝ። ጠጣሁት። ስለ አንተ ስል።

ኤልናታን፦ አባቴ ደግሞ ያቆምክበት ቀን ረቡዕ ስለነበር ጾም መሰለው። «ጴንጤው ልጅ መጾም ጀመረ» ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ።

ጋትሉዋክ፦ ወሬው ፓስተራችን ጋ ደርሶ ተጠርቼ ነበር። «ልጄ፣ ሃይማኖት ልትቀይር ነው?» አለኝ። «አይ፣ ስለ ወንድሜ ብዬ ነው የምራበው» አልኩት። እሁድ በስብከቱ ጠቀሰኝ። የሚያለቅሱም ነበሩ።

ኤልናታን፦ ኧረ ትልቅ ሰው ነህ። ሸሚዝህ ግን ቁልፉ የት ሄደ?

ጋትሉዋክ፦ ሲታጠብ ጠበበ።

ኤልናታን፦ ቁልፉ?

ጋትሉዋክ፦ ሸሚዙ። ቁልፉ ተናዶ ሄደ። አንተ ስለ እኔ ሸሚዝ ምን አገባህ? ስለ ራስህ አስብ። ታንኳዋ ልትመጣ ነው።

[ኤልናታን ወንዙን ያያል።]

ኤልናታን፦ እኔ እንቅልፍም አልወሰደኝ። ባለፈው ወር ማዶ ልንሻገር ስንል ምን እንደሆነ አየህ አይደል? ውሃው ገባ። የስፖርት መምህራችን የጋሽ ታደሰ ጫማ ተንሳፍፎ ሄደ።

ጋትሉዋክ፦ አሁን አዞ አድርጎት ይሄዳል።

ኤልናታን፦ ከዚያ ቀዛፊው ጋሽ ኦሉም እኔን አወረደኝና የታንኳዋ ጎን ላይ በገጀራ ምልክት አደረገ። «ውሃው ይሄን ከነካ አንድ ሰው ይወርዳል» አለ። አንድ ሰው ሲል ሁሉም ዞሮ ያየው እኔን ነው። ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንተም ስቀሃል።

ጋትሉዋክ፦ ያኔ ጓደኛህ አልነበርኩም።

ኤልናታን፦ ነገ ኢታንግ ላይ ጨዋታ አለን። መንገዱን ውሃ በልቶታል፤ ቡድኑ ትናንት በታንኳ ሄዷል። የቀረነው እኔና አንተ ነን፣ ያውም አንተ እኔን ልትጠብቅ ብለህ። ዛሬም ከወረድኩ ግቡ ላይ የሚቆመው ዓሊ ነው።

ጋትሉዋክ፦ ዓሊ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል።

ኤልናታን፦ ለዓሊ አይደለም የምጨነቀው። ሁለተኛ በሰው ፊት መውረድ አልፈልግም። ከወረድኩ ከእንግዲህ ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት ሕክምናውን አልሞክርም። በቃ፣ ወፍሬ እቀመጣለሁ።

ጋትሉዋክ፦ አትወርድም። የእጄን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ።

[ታንኳዋ ትመጣለች። ኦሉም የሚባሉት ታንኳ ቀዛፊ ብዙ አያወሩም፤ የሚናገሩት በመቅዘፊያቸው ነው። በመንገዱ በኩል ለኢታንግ ጉባኤ የሚሄዱ የኳየር ልጃገረዶች ከነከበሮአቸው ይመጣሉ፤ ከመካከላቸው ኛማል አለች። ጋትሉዋክ ገና ያልነከሰውን ማንጎ በፍጥነት ሸሚዙ ውስጥ ይከታል።]

ኤልናታን፦ ምነው፣ አትበላውም?

ጋትሉዋክ፦ ራስን መግዛት።

[ልጃገረዶቹ ይገባሉ። ኛማል ፊት ለፊት ትቀመጣለች።]

ጋትሉዋክ፦ አሁን አንተ ግባ። እኔ ከዳር ሆኜ ምልክቱን እከታተላለሁ። ቀስ በል። አትተንፍስ።

[ኤልናታን ዓይኑን ጨፍኖ ይገባል። ታንኳዋ ትወዛወዝና ትረጋለች። ምልክቱ ከውሃው በላይ ነው፤ ደረቅ ነው።]

ኤልናታን፦ ነካ?

ጋትሉዋክ፦ አልነካም። ዓይንህን ግለጥ። [ለልጃገረዶቹ ጮክ ብሎ] ይህን ልጅ አያችሁት? ባለፈው ወር ለብቻው አንድ ታንኳ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ነው። ይህ ክኒን አይደለም፣ መርፌ አይደለም፤ አንድ ሰው ስለ ጓደኛው ሲራብ የሚሆነው ይህ ነው። ጥያቄ ያለው በመንገድ ላይ ይጠይቀኛል። ጋሽ ኦሉም፣ ልግባ።

[ይገባል። ታንኳዋ ታቃስታለች። ውሃው ምልክቱን ይውጠዋል። ኦሉም መቅዘፊያቸውን አንስተው ወደ ሁለቱ ይጠቁማሉ።]

ጋትሉዋክ፦ ኤልናታን፣ አንተን ነው።

ኤልናታን፦ አሁን ደረቅ አልነበረም እንዴ?

ጋትሉዋክ፦ ተንፍሰሃል። አየሁህ። አትተንፍስ አላልኩህም? አይዞህ፣ በሕክምና ወደኋላ መመለስ ያለ ነው። ውረድ።

[ኤልናታን ኛማልን አንዴ ያያል። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ይወርዳል። ሁሉም ምልክቱን ያያሉ። ውሃው አሁንም ምልክቱ ላይ ነው። መቅዘፊያው አሁንም እዚያው ይጠቁማል፤ እዚያ ያለው ግን ጋትሉዋክ ብቻ ነው።]

ጋትሉዋክ፦ ወንዙ ሞልቷል።

ኤልናታን፦ [ከዳር] ወንዙ ሲሞላ ታንኳዋም አብራ ነው ከፍ የምትለው።

ጋትሉዋክ፦ ከበሮው ነው እንግዲያው። ከበሮው ይውረድ።

[ልጃገረዶቹ ከበሮውን ያቅፋሉ። መቅዘፊያው የጋትሉዋክን ሆድ ነካ ያደርጋል።]

ጋትሉዋክ፦ ጋሽ ኦሉም፣ እኔ እኮ ሐኪሙ ነኝ።

[መቅዘፊያው አይንቀሳቀስም። ጋትሉዋክ ሲወርድ ማንጎው ከሸሚዙ ሾልኮ ይወድቃል። የቀረው ቁልፍም ይከተለዋል። ልጃገረዶቹ ይስቃሉ። ኤልናታን አይስቅም፤ ማንጎውን ያነሳል።]

ጋትሉዋክ፦ [በሹክሹክታ] እንዴት ሊሆን ይችላል? በቀን ሁለት ጉርሻ ነው የምበላው።

ኤልናታን፦ ትሪው ላይ። ከዚያ «እጄን ልታጠብ» ብለህ ጓዳ ስትገባ እማዬ የምታቀርብልህስ?

ጋትሉዋክ፦ አውቀህ ነበር?

ኤልናታን፦ ቤታችን ድመት የለም፣ ድስቱ ግን ተልሶ ያድራል። እማዬ «ስለ ልጄ ብሎ ተርቦ እንዴት ዝም እላለሁ» እያለች አንዴ ለአንተ፣ አንዴ ለኮሶው ትጨምርልሃለች። ረጅም ስለሆንክ የት እንደሚገባ አልታወቀም ነበር። ባለፈው ጨዋታ ግን ኳሷ ስትቀድምህ አይቻለሁ።

ጋትሉዋክ፦ ለቀቅኳት እንጂ አልቀደመችኝም። ቢሆንም ያከሳሁህ እኔ ነኝ። ቀድሜ ባላነሳ አንተ ታቆም ነበር?

ኤልናታን፦ አላቆምም ነበር። አንተም አታቆምም ነበር። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። «ይሄ ልጅ እጁን የሚያነሳው መቼ ነው?» አልኩ። በዓመት በዓል ቤታችሁ ስመጣ አይቼ ነበር፤ ኑዌር ጎረምሳ ዘመዱ ባልሆነች ልጃገረድ ፊት አይበላም። ሞቱ ነው።

ጋትሉዋክ፦ [ቀስ ብሎ] ኛማል ሒሳብ ልታጠና ነበር የምትመጣው።

ኤልናታን፦ ኛማል ከክፍላችን አንደኛ አይደለችም እንዴ? እሷ ከሊና ምን ሒሳብ ትማራለች? ሊናን የለመንኳት እኔ ነኝ፤ «ኛማልን በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ጥሪልኝ» ብዬ። እስካሁን በእሷ ተራ ዕቃ የማጥበው እኔ ነኝ።

ጋትሉዋክ፦ አፍሬ ነው እንግዲህ ያከሳሁህ።

ኤልናታን፦ አፍረህ። እኔ ራሴን መግዛት አልችልም፤ አንተን ግን መግዛት ቻልኩ። ያንተ እጅ ሲነሳ የኔም ተነሳ።

[ኦሉም በመቅዘፊያቸው የታንኳዋን ጎን ይመታሉ። ኤልናታን ይገባል። ምልክቱ ደረቅ ነው።]

ጋትሉዋክ፦ እና እኔስ?

ኤልናታን፦ ባለፈው ስወርድ ስቀህብኝ ነበር። አየህ፣ እኔ አልሳቅኩም። ከዛሬ ጀምሮ የአንተ እኩያ እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት አብረን እንሄዳለን፤ ምሳ ከአንድ ትሪ። ጓዳው ግን ይቆለፋል። [ማንጎውን ይወረውርለታል] እንካ፣ ለእኔ ፈተና ስለሆነ አንሳልኝ።

[ታንኳዋ ከዳር ትርቃለች። ጋትሉዋክ ማንጎውን ወደ አፉ ያስጠጋል። ከታንኳዋ ላይ ኛማል ዞር ብላ ታየዋለች። ማንጎው ይወርዳል። እንደገና ይነሳል። አሁንም እያየችው ነው።]

ጋትሉዋክ፦ ኤልናታን።

ኤልናታን፦ አቤት።

ጋትሉዋክ፦ እባክህ ፊቷን ወደ ኢታንግ አዙርልኝ።

[ኤልናታን ባዶ እጆቹን ሁሉም እንዲያየው አድርጎ ወደ ላይ ያነሳል።]

ኤልናታን፦ [ከሩቅ] ጓደኛህ እጁን አንስቷል። አንተም አንሳ።