ሞምባሳ ላይ ያላነጠፍነው አልጋ

እኛ ጋይንቶች ማረፍ አንችልም። አትቆጡ፤ ቃሉ ራሱ አይፈቅድልንም። በአገራችን “እገሌ ዐረፈ” ከተባልክ ነጠላህን አዘቅዝቀህ ለቅሶ ትሄዳለህ እንጂ “የት ሄዶ?” ብለህ አትጠይቅም። እኔ ይህን ረስቼ ባለፈው ክረምት የንስሐ አባታችንን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና፣ “አባ፣ እኔና ትርንጎ ባሕር ማዶ ሄደን አንድ ሳምንት ልናርፍ ነው” አልኳቸው።

አባ መቋሚያቸውን ተደገፉ።

“ሁለታችሁም?”

“አዎ፣ አብረን።”

“ቀኑም ታውቋል?”

“ቲኬቱ ተቆርጧል።”

“ልጄ፣ ይህን የሚቆርጠው እግዚአብሔር ነው” አሉና መስቀል አሳለሙኝ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ጎረቤቶች ጤናችንን ሊጠይቁ መጡ።

ንፋስ መውጫ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ውቅያኖስ አስተምሬአለሁ፤ ያየሁት ትልቁ ውሃ ግን ጣና ነው። ባለቤቴ ትርንጎ ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። የመምህር ደመወዝ ደብረ ታቦር አድርሶ ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የሱቁ ነው። ደግሞም ትርንጎ ለባሕር ማዶ አዲስ አይደለችም። ሳንጋባ በፊት ስድስት ዓመት ቤሩት የሰው ቤት ሠርታለች።

“አንቺ እንኳ ባሕር ጠግበሻል” ብላት፣

“አውቀዋለሁ። ከሳሎኑ መስኮት ይታያል” አለችኝ። “መስኮቱን በሳምንት ሁለቴ ነበር የምወለውለው።”

ባሕር ዳር ከተማ ወዳለ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ሄድን። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ቅጽ አውጥታ፣ “የጉዞ ስታይላችሁ ምን ዓይነት ነው?” አለችን። የኔ የጉዞ ስታይል ሚኒባስ ውስጥ የማላውቃትን እናት ሕፃን ታቅፎ፣ እግር ሥር የታሰረ ዶሮ እንዳይረግጡ እየተጠነቀቁ መሄድ ነው። ይህን የሚመስል ምርጫ ቅጹ ላይ የለም።

“እርስዎስ?” አለቻት ትርንጎን።

“ያላነጠፍኩት አልጋ ላይ መተኛት እፈልጋለሁ።”

ልጅቷ ቅጹን ወደ ላይም ወደ ታችም ፈለገች። በመጨረሻ “ሪላክስ” የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ሞምባሳን መረጠችልን።

እኔም ቤት ገብቼ ዕቅድ አወጣሁ። መምህር ያለ ዕቅድ አይዝናናም። ሠንጠረዥ አሰመርኩ፦ ሰዓት፣ ተግባር፣ ዓላማ፣ ግምገማ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል የፀሐይ መውጣትን መመልከት። ከሦስት እስከ አራት በአሸዋ ላይ መጋደም። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ነጻ መዝናናት። ትርንጎ አንብባ ስትጨርስ፣ “ደወሉን የሚደውለው ማነው?” አለችኝ።

ሞምባሳ ገብተን ባሕሩ ዳር ካለ ሆቴል ዐረፍን። በመጀመሪያው ጠዋት በዕቅዴ መሠረት ለፀሐይዋ ብነቃ አልጋው ተነጥፏል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ እኔ የተኛሁበት ጎን ብቻ ቀርቷል። ትርንጎ መታጠቢያ ቤቱን እየፈተገች ነው።

“ትርንጎ፣ እኛ እኮ እንግዶች ነን።”

“እንግዳ ነኝ ብዬ የሰው ቤት ላቆሽሽ?”

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ የኔዋን ደግሞ ያስፈትጋል። በሁለተኛው ቀን ከየት እንዳመጣችው የማላውቀው ጨርቅ ይዛ መስኮቱን ወለወለች። ሌላው እንግዳ አሸዋው ላይ ተጋድሟል። እኛ በጠራ መስታወት እያየነው ነው።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳና የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ ገባች። ሽርጥ ያደረገች፣ በኛ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ ስሟን ዘይነብ አለችን። ተማሪ የምቀጣበትን እንግሊዝኛዬን አወጣሁ፤ በሁለት ቃል መለሰችልኝ። ይኼኔ ትርንጎ በዐረብኛ አንድ ነገር ጣል አደረገች። የሴትዮዋ ፊት በራ። ለካ እሷም ጂዳ አራት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ የመጣች ኖራለች።

ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ እንደ ሻንጣ ጥግ ይዤ ጠበቅኩ። ዘይነብ ስትወጣ፣ “ምን አለችሽ?” አልኩ።

“እንግዳ ቀንሷል፤ ሠራተኛ ሊቀንሱ ነው። ተቆጣጣሪው የኛን ክፍል እያየ ‘ይህ ፎቅ ሰው አያስፈልገውም’ ብሏታል።” አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። “እኔ ሳነጥፍ እሷን እያስባረርኳት ነው።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“መተኛት ነዋ” አለች፤ ግብር ሊጥሉባት እንደተጠራች ሴት ከፍቷት።

በማግስቱ እንደ ልማዷ ነቃች፤ አልተነሳችም ግን። ጣሪያውን እያየች አንሶላውን በሁለት እጇ ጨብጣ ተኝታለች።

“ስንት ሰዓት ነው?”

“አሥራ አንድ ተኩል።”

“አሁንስ?”

“አሥራ አንድ ተኩል ከሁለት ደቂቃ።”

ቆይታ፣ “ቤሩት እያለሁ እመቤቴ ሳትጠራኝ መነሳት ነበረብኝ” አለችኝ። “ከጠራችኝ ቀኑ በቁጣ ነው የሚውለው።”

“እዚህ እኮ የሚጠራሽ የለም።”

“እኔስ አውቃለሁ። እግሬ ነው የማያውቀው።”

ይህን በአሥራ አምስት ዓመት ትዳር ሰምቼው አላውቅም። ከተኛችበት ቀድማኝ ስትነሳ “ጎበዝ ሴት” እያልኩ ለሰው አወራ ነበር… አንባቢዬ፣ የዚያን ጠዋት ዕቅዴን ቀድጄ ጣልኩት ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። አልቀደድኩትም፤ አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ፀሐይዋን ላያት ልነሳ ስል ግን እጄን ያዘችኝ። “አንተ ከተነሳህ እኔም እነሳለሁ።” ፀሐይዋ ያለኔ ወጣች።

በአምስተኛው ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ትርንጎ ተኝታለች። ሁለት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ላይ ዘይነብ በሩን ልታንኳኳ ስትል ቀድሜ በእግሬ ጣት እየሄድኩ ወጣሁ። ዐረብኛ ስለማልችል ጉንጬን መዳፌ ላይ አስደግፌ ዐይኔን ጨፈንኩላት። አንገቷን አስግጋ አየች፤ ባልዲዋን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ኮሪደሩ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ተቀመጥን። የምንግባባበት ቋንቋ የለንም፤ ሁለታችንም በሩን ጠበቅን።

አምስት ሰዓት ላይ ትርንጎ ፀጉሯ እንደተበተነ ብቅ አለች።

“ማነው የጠራኝ?”

“ማንም።”

ዘይነብ በዐረብኛ የሆነ ነገር አለቻት፤ ሁለቱም ግድግዳ ይዘው ሳቁ። እስከ ዛሬ አልተተረጎመልኝም። ከዚያ ዘይነብ ገብታ አንሶላውን መግፈፍ ጀመረች። ትርንጎ አንዴ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችውና መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጠች። ጥቂት አየቻት። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብላ በአማርኛ፣

“ጥሩ ታነጥፋለች። ማዕዘኑ ላይ ግን ትቸኩላለች” አለችኝ።

“ተነሽና አሳያታ።”

“ሥራዬ አይደለም” አለችና እግሯን አጣምራ ተደላደለች።