በገዛ መንጋጋዬ የገባሁ ለት

ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ያየሁትን ሕልም ከመናገሬ በፊት ቂሜን ላስቀድም፤ ሕልሙም የተፈለፈለው ከቂሜ ነው። የባሌ ታላቅ እህት እትዬ ደብሪቱ ጤነኛ ጥርሴን አስነቅለውብኛል። ይኸው ዓመታት አለፉ፣ ምላሴ ክፍተቱን በነካ ቁጥር ይቆጨኛል።

እኔ አዛለች ደብረ ብርሃን ላይ ቆሎ ቆልቼ የምሸጥ ሴት ነኝ። የተማርኩት ስሜን ለመጻፍ ያህል ነው፣ ጥርስ ግን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቆሎው መብሰል አለመብሰሉን የምለየው በቀኝ መንጋጋዬ ቆርጥሜ ነው። ተሰባብሮ ከደቀቀልኝ ከምጣዱ ይወጣል፣ ከተለጠጠብኝ ተመልሶ ይቆላል። እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው።

ራስ ምታቴ ከቀኝ ጆሮዬ ፊት ይነሣና ወደ ጆሮ ግንዴ ወጥቶ ግንባሬን ይዞ ይፈልጠኛል። አንዱ ሐኪም ሳይነስ ነው አለኝ። ሌላው ነርቭ ነው አለ። አንዷ ደግሞ ጨጓራሽ ወደ ራስሽ ወጥቶ ነው አለችኝ፣ በየት በኩል እንደወጣ ግን አልነገረችኝም። እትዬ ደብሪቱ «ጥርስ ነው፣ እኔ አውቃለሁ» ብለው እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ጥርሱ ሄደ፣ ራስ ምታቱ ቀረ። «እንግዲያው አጠገቡ ያለው ነው» አሉና ለረቡዕ ጠዋት ወረፋ አስያዙልኝ። እምቢ ስል ባሌን «ሚስትህ መታመሟን ወዳዋለች፣ ከሥራ ታሸሻታለች» ይሉታል። እኔ ደግሞ ነገር ሲያንገበግበኝ ጥርሴን ነክሼ ዝም ማለት ነው ልማዴ። ዝም አልኩ። ዝም ካልኩ ደግሞ ሲነጋ ልነቀል ነው። ራሴን በሻሽ ጠፍሬ አስሬ ተኛሁ።

በሕልሜ ገበያ ወጥቼ ነበር። ቆሎ ተራ ላይ የተቀመጡት ገብሶች ናቸው። ሰው ሰው የሚያካክሉ ገብሶች እግራቸውን አነባብረው፣ ከእንቅብ ሰው እየዘገኑ ይቆረጥማሉ። ሻጯ ሽምብራ ናት፣ ወገቧን በመቀነት አስራለች።

«ይሄ በስሏል?» አላት አንዱ ገብስ፣ የሰፈራችንን ዘበኛ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

«ቅመሰዋ፣ እኔ ምን ልበልህ።»

ነከስ አደረገውና መልሶ ጣለው። «አልበሰለም፤ ገና ያወራል።»

ሽምብራዋ ዞር ስትል እኔን አየችኝ። «ይቺ በቀኝ ጥርሷ ዘመድ አዝማዳችንን የፈጀች ናት» አለች። ገብሶቹ በሙሉ ተነሡ። ሊበሉኝ ነው ብዬ ነጠላዬን ሰብስቤ ሮጥኩ። ከኋላዬ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። «አይዞሽ እህታችን፣ እኛስ አንዴ ተቆርጥመን አረፍን፣ መንጋጋሽ ግን መቼ ሊያርፍ ነው» እያሉ ያዝኑልኝ ነበር።

እየሮጥኩ ሆስፒታል ገባሁ። እዚያ የታመሙት ሐኪሞቹ ናቸው። ጋውናቸውን እንደለበሱ ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩለዋል፣ በሽተኞቹ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ያ ሳይነስ ነው ያለኝ ሐኪም አንዲት ድንች ሻጭ ፊት ቆሟል።

«ራሴን ያመኛል» ይላታል።

ቀና ብላም አላየችው። «ጨጓራ ነው።»

«እስኪ አንዴ እንኳ ዳሰስ ያድርጉኝ።»

«ቀጣይ።»

አዘንኩለት። ደስም አለኝ፣ አልዋሽም።

ቀጣዩ ሰው አልነበረም፣ ራስ ምታት ነው። ካፖርት ለብሶ፣ ከስቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ድንች ሻጯ።

«ሰው ይዞኛል። አንዲት ሴት ናት። ጠዋት ማታ ቆሎ ትቆረጥምብኛለች። ሌሊት ልተኛ ስል ይብስባታል። ኧረ እባክዎን ያላቁኝ፣ እኔም ቤተሰብ አለኝ።»

የኔው መሆኑ ገባኝ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ በጎኑ አለፍኩ።

ወደ ውስጥ ስዘልቅ ጥርሶች ጉጠት ይዘው ሰው ከወንበር ይነቅላሉ። ተራ አስከባሪው ጥርስ ወደኔ ሲዞር አወቅሁት። ያ የተነቀለው ጥርሴ ነው። ቁመቱ እኔን ያህላል፣ ነጭ፣ ጥርት ያለ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለው።

«አዛለች» አለኝ፣ «ምን አጥፍቼ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እትዬ ደብሪቱ አዘው ነው።»

«ወንድሜንም ዛሬ ሊያመጡብኝ ነው?»

ቂም አልያዘብኝም፤ እጄን ይዞ አንድ በር ድረስ መራኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በሩ ላይ አንዲት ቀይ ላም ጋውን ለብሳ ቆማ ታመሰኳለች። ታችኛው መንጋጋዋ ወደ ግራ ሄዶ ወደ ቀኝ ይመለሳል፣ ቀስ ብሎ፣ ለስልሶ፣ ከማንም ሳይጣላ። ላም ስታመሰኳ እያየሁ ነው ያደግሁት፣ እንዲህ የሚያምር ነገር መሆኑን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ዶክተር» አልኳቸው፣ «ራስዎን አሞዎት ያውቃል?»

«ቀኑን ሙሉ አኝካለሁ፣ ነክሼ ግን አልይዝም» አሉኝ። «ሥራሽ ምንድን ነው?»

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ሐኪም ሥራዬን ጠይቆኝ አያውቅም።

«ቆሎ እቆላለሁ። በጥርሴ እየቀመስኩ።»

«አፍሽን ክፈቺ። እንገባለን።»

«በገዛ አፌ እንዴት አድርጌ እገባለሁ?»

«ስንቱ ሲገባበት ኖሮ የለ? ያልገባሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ገባን። ምላሴን እንደ ምንጣፍ ረግጠን በጥርሶቼ አጠገብ አለፍንና ከጆሮዬ ፊት ካለው ቦታ ደረስን። እዚያ ስደርስ ጫማዬን አወለቅሁ። ማንም አላዘዘኝም።

የከተማ በር የሚያህል አጥንት በሌላ አጥንት ሥር ይዞራል። በሁለቱ መካከል ትንሽ ትራስ አለች፣ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የተነጠፈች። ትራሷ ከቦታዋ ተንሸራታ ወደ ፊት ወጥታለች። ዶክተሯ በሩን ገፋ ሲያደርጉት በትራሷ ጫፍ ላይ ዘለለና ቀጭ አለ። ድምፁ ገደል ለገደል አስተጋባ። ጆሮዬ ሥር ስንት ዘመን ስሰማው የኖርኩት ድምፅ ይሄ ነበር።

ቀና አልኩ። ከመንጋጋው ላይ ቀያይ ገመዶች ተነሥተው፣ እንደ ዘንባባ ተዘርግተው፣ ሽቅብ ወደ ጆሮ ግንዴ ይወጣሉ። ወዲያ ላይ ያለው ጣራ የራስ ቅሌ ነው። ዳርቻው አይታይም። ገመዶቹ እሱ ላይ ታስረዋል፣ በተሳቡ ቁጥርም ጣራው በሞላ ይንቀጠቀጣል።

«ራስ ምታትሽ ያ ነው» አሉኝ ዶክተሯ። «ሥሩ እዚህ፣ ጩኸቱ እዚያ።»

ገመዶቹን የሚስቡት ሴቶች ናቸው፣ ለቁጥር የሚያታክቱ። ሁሉም እኔን ይመስላሉ። እግራቸውን አንፈራጠው፣ ወገባቸውን ለጥጠው ይስባሉ።

«ማነው ሳቡ ያላችሁ?»

«አንቺ ነሻ» አለች የቅርቧ፣ ዞር ሳትል።

«መቼ?»

«እትዬ ደብሪቱ ሲመጡ። ቆሎ ስትቀምሺ። ዘይት ጠፋ ሲባል።»

«ሌሊትስ?»

ተሳሳቁብኝ። «ሌሊትማ ዋናው ሥራችን። ቀን ያልተናገርሽውን ሁሉ ሌሊት አይደል እንዴ የምታስስቢን።»

«በቃ ልቀቁ።»

«ምን ማለት ነው ልቀቁ?» አለች። ቃሉን ሰምታው አታውቅም።

ዶክተሯ ማመስኳታቸውን አላቋረጡም። «ከንፈርሽን ግጠሚ፣ ጥርስሽን ግን አለያዪው» አሉኝ። «ላይኛውና ታችኛው ጥርስ የሚገናኙት ለምግብ ነው። ከዚያ በቀር እየተያዩ ይኑሩ። ቆሎውንም ሌላ ሰው ይቅመስልሽ። እስኪሻልሽ ለስለስ ያለ ነገር ብዪ።»

«ገንፎ?»

«ገንፎ። ሙቅ ጨርቅ ያዢበት። ሲያዛጋሽ አገጭሽን በእጅሽ ደግፊው። ደግሞ ሌሊት ጥርስ ላይ የምትደረግ ሽፋን አለች፣ መንጋጋ የሚያውቅ ሐኪም ለክቶ ያሠራልሻል፤ ፈልጊው። ራስ ምታት ሁሉ ከመንጋጋ ነው አላልኩሽም። ከዚህ የመጣው ግን ካልተዳሰሰ አይገኝም።»

«ጥርሴስ? ሲነጋ ሊነቅሉት ነው።»

«በሩ ሲጥ ባለ ዘበኛው ይባረራል እንዴ?» አሉኝ።

ከንፈሬን ገጠምኩ። ጥርሴን አለያየሁ። የቅርቧ ሴት እጇ ላላ። ገመዷን አየት አደረገችና መሬት አስቀመጠችው። ቀጥላ ያለችው አየቻትና እሷም አስቀመጠች። እንዲህ እንዲህ እያለ ያ ሁሉ ሴት ቁጭ አለ፣ አንዳንዷም ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ጣራው ጸጥ አለ።

እንደዚያ ያለ ጸጥታ በዕድሜዬ አላውቅም። የላሉት ገመዶች ብርሃን ማሳለፍ ጀመሩ፣ ጀምበር ስትጠልቅ እንዳለው ቀላ ያለ ብርሃን፣ ከጣራው እስከ እግሬ ድረስ። ይሄን የሚያህል ሕንፃ ተሸክሜ ነው ለካ በዚያ ብርድ ገበያ ለገበያ የምንከራተተው። ማን ሠራው፣ ማን በነጻ ሰጠኝ፣ እኔስ ምን አድርጌበት ኖርኩ። ተንበረከክሁ። ዶክተሯም አጠገቤ ቆሙ። ማመስኳታቸው ብቻ ይሰማል።

ያኔ የአፌ በር ተበረገደ። የዝግባ ግንድ የሚያህል ጉጠት በጥርሶቼ መሃል ገባ። ከኋላው የእትዬ ደብሪቱ ድምፅ መጣ። «ያኛውን። ጎኑ ያለውንም። አንዴ ከገባችሁ አይቀር ሁሉንም።» ሴቶቹ ከእንቅልፋቸው ዘለው ተነሡ። ገመዳቸውን አፈፍ አደረጉ። ሳቡ።

ነቃሁ። ነግቷል። ባሌ አስናቀ አልጋው አጠገብ በጉልበቱ ቆሞ፣ ጫማ በእጁ አንሥቶ፣ ጉንጬ ላይ አፍጥጧል።

«እንዳትነቃነቂ» አለኝ በሹክሹክታ። «አይጡ እዚሁ ነው።»

«የምን አይጥ?»

ጆሮውን አቀረበ። ቆይቶ ጫማውን ዝቅ አደረገ። «ቆመ» አለ። «አዛለች፣ አንቺ ስትናገሪ ቆመ።»

ለካ ከተጋባን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት የሚፋጭ ነገር ይሰማ ኖሯል። ወጥመድ ሲያጠምድ፣ መርዝ ሲበትን፣ ድመት ሲለዋውጥ ያየሁት ሁሉ ለጥርሴ ነበር። የመጨረሻዋን ድመት ሰነፍ ናት ብሎ ለጎረቤት ሰጥቷታል።

«እኔ እኮ የቤታችን አይጥ ብልህ ነው እል ነበር» አለ፣ ጫማውን እያጠለቀ።

ልስቅ አፌን ስከፍት ጆሮዬ ሥር ቀጭ አለና ራሴን ይዞ ፈለጠኝ። በዚሁ መሃል እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ።

«ተነሺ እንጂ፣ ወረፋው ሊያልፍ ነው።»

እንደ ልማዴ ጥርሴ ሊገጥም ሲል ተሰማኝ። አለያየሁት።

«እትዬ፣ እስኪ እጅዎን ያውሱኝ» አልኳቸው። ጣታቸውን ጆሮዬ ፊት አስቀመጥኩና አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ደግሜ ከፈትኩ። ፍም እንደነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ምንድን ነው እሱ የሚዘለው?»

«ሕመሜ ነው። ያስነቀሉኝ ጥርስ ምንም የለበትም ነበር።»

አስናቀን አዩት። እሱ ጫማውን ያያል።

«ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው?»

«መንጋጋ የሚያይ ሐኪም ፍለጋ አዲስ አበባ እወርዳለሁ። ቆሎ እንደምቀምስም፣ ሌሊት እንደማፋጭም እነግረዋለሁ። ጉጠት ለያዘ ሰው ግን አፌን አልከፍትም።»

«እኔን የሚያህል ሰው ለምኜ ወረፋ አስይዤልሽ?»

«ወረፋውማ እንዳይባክን እርስዎ ይነቀሉበት» አልኳቸውና ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።