ክቡር ኮማንደር እማዬን ሊያሳምኑ

በየቤተሰቡ አንድ ፊልም የማይለቀው ሰው አለ። ሌላው ፊልሙ ሲያልቅ እያዛጋ ወደ መኝታው ይሄዳል፤ እሱ ግን የሰማውን ንግግር ተሸክሞ ያድርና በማግስቱ እኛ ላይ ያራግፈዋል። በእኛ ቤት ዕጣው የወጣው ለእህቴ ባል ነው። ሥራቸው የፍሪጅ ጥገና ነው፤ እኛ የሾምናቸው ደግሞ ክቡር ኮማንደር ብለን ነው። ከምድር ርቀው የወጡት ቢበዛ እስከ አራተኛ ፎቅ ነው፣ እሱንም ፍሪጅ አዝለው።

ክቡርነታቸው ከጠፈር ፊልም ሌላ አያዩም። ለተኩሱና ለፍንዳታው ግን ደንታ የላቸውም። የሚጠብቁት ሰው ሰውን የሚያሳምንበትን ቦታ ነው። እዚያ ሲደርስ ሪሞቱን አንስተው ፊልሙን ቀጥ ያደርጉታል፤ እኛም አፋችንን እንደከፈትን እንቀራለን።

"ጋሼ፣ ክፉው ሰውዬ ለምን ቀስ ብሎ እንደሚናገር ልብ ብለሃል?" ይሉኛል።

"አላልኩም።"

"ሲጮኹብህ ትጠነቀቃለህ። ቀስ ሲሉህ ግን ጆሮህን ታስጠጋለህ። ከዚያ ሦስት እውነት ይነግርሃል። 'ከተማችሁ ቆሽሻለች፣ መሪዎቻችሁ ዋሽተዋችኋል፣ ልጆቻችሁ ተርበዋል።' አዎ፣ አዎ፣ አዎ ትላለህ። አራተኛዋ ላይ 'እንግዲያው ፕላኔቷን ላቃጥላት' ሲል አፍህ አዎ ማለት ለምዷል!"

"እባክህ ልቀቀው፣ ሊያልቅ ነበር እኮ!" ትላለች እህቴ ከኩሽና።

ክቡርነታቸው አይለቁም። "ሳይንቲስቱስ? ዓለም ልትጠፋ መሆኑን ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው፤ የሚሰማው ግን የለም። ለምን? በቁጥር ስለሚጀምር!"

ይህን ሁሉ ጥበብ ለፊልሙ ብቻ ቢተዉት ምን ነበረበት? አንዲት ደንበኛ ያረጀ ፍሪጇን ልጥለው ነው ብላ ነገረቻቸው። ክቡርነታቸው መፍቻቸውን አስቀመጡና ዝም አሉ። ዝምታ የንግግር ግማሽ ነው፣ በፊልሙ ሙዚቃው የሚቋረጠውም ለዚህ ነው የሚል እምነት አላቸው። ከዚያ ድምፃቸውን አወፍረው፣ "እመቤቴ፣ ይህች ሞተር ገና አልሞተችም" አሉ። ሴትዮዋ እንባዋ መጣ ይባላል፤ ፍሪጁም ተጠገነ። ሞተሯ ግን ንግግሩን አልሰማችም መሰለኝ፣ በሳምንቱ አረፈች።

በሚኖሩበት ሕንፃ ደግሞ የሁለተኛና የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ደረጃ የማጽዳቱ ተራ የማን ነው በሚል ተኳርፈው ሰላምታ አቋርጠው፣ ደረጃውንም በረሮ ወርሶት ነበር። ክቡርነታቸው ሁሉንም ጠርተው ከደረጃው ላይ ቆሙ። "ወገኖቼ! ዛሬ ሁለተኛ ፎቅ የለም። ሦስተኛ ፎቅም የለም። ዛሬ ያለው ሰው እና በረሮ ነው!" ከሩቅ ጠላት ሲመጣ ጎረቤት ዘመድ ይሆናል፤ ይህ ከጠፈር ፊልም የተማሩት ትልቁ ሕግ ነው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ መጥረጊያ ግን ከየበሩ ወጣ። በረሮዎቹ ከየትኛው ፕላኔት እንደመጡ እስከ ዛሬ ባይጣራም ደረጃው ያብለጨልጫል።

የከሸፈባቸው በገዛ ቤታቸው ነው። ትንሿ ልጃቸው ጥርሴን አልቦርሽም ስትል፣ "የሰው ልጅ ተስፋ በአንቺ እጅ ነው፣ የቀረን ጊዜ ጥቂት ነው!" ይሏታል። እሷም የአባቷ ልጅ ናት፤ ትራሷን አቅፋ፣ "ያለ እኔ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እቀራለሁ" ትላቸዋለች።

እንዲህ ስንስቅ ቆይተን የእማዬ ነገር መጣ። የእማዬን ዓይን ሞራ መጋረድ የጀመረው ገና እህቴ ሳታገባ ነው። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ እኛን እንኳ የምትለየን በድምፃችን ሆነ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ቀላል እንደሆነ፣ ካልተሠራላት ግን ዓይኗ ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል ነገረን። ከመቶ ታካሚ ስንቱ እንደሚድንም ዘርዝሮ አስረዳት። በአንዱ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው አፈሰሰችው።

"ዓይኔን በስለት አላስነካም" አለች። "ይቺ ያለችኝ ጭላንጭል ትበቃኛለች።"

እህቴ አለቀሰች፣ እኔ ተቆጣሁ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። የገዛ ቤቷን በር በእጇ ስትዳብስ ባየሁ ቁጥር እፈራ ነበር።

ክቡር ኮማንደር ንግግር አዘጋጁ። እሑድ ከምሳ በኋላ ሳሎኑ መሃል ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እማማ! ከእርስዎ በፊት ብዙዎች ይህን ጨለማ ተሻግረዋል። ከእርስዎም በኋላ ይሻገራሉ። ዛሬ ግን ተራው የእኛ ነው!" እውነቱን ለመናገር እኔ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። እማዬ እስኪጨርሱ በትዕግሥት ጠበቀች።

"ድምፅህ ያምራል" አለቻቸው። "ዓይኔን ግን አልሰጥም።"

በመጨረሻ እህቴ ለምና ለምና እሺ አሰኘቻት። በቀጠሮው ቀን ሁላችንም ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ነርሷ ስሟን ስትጠራ እማዬ ተነሳች፤ ሻርፗን አስተካከለችና ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ መውጫው ዞረች። "ቤቴ ውሰዱኝ" አለች። እህቴ ፊቷን ሸፈነች።

ክቡርነታቸው ተነስተው አጠገቧ ቆሙና እጇን ያዙ። በቃ፣ የሰው ልጅ ተስፋ ሊመጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"እማማ፣ እኔ ሐኪም ቤት እፈራለሁ" አሉ፣ ሰምቼው በማላውቅ ቀጭን ድምፅ። "ከጠዋት ጀምሮ እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል።"

እማዬ ቆመች። "እጅህ እኮ በረዶ ሆኗል።"

"አዎ።"

"ቁርስ በልተሃል?"

"አልወርድ አለኝ።"

"ወይ ጉድ! ለእኔ ነው ለእሱ ነው የመጣነው?" ወደ እህቴ ድምፅ ዞረች። "አንቺ ደግሞ ምን ትነፈርቂያለሽ፣ ሻይ ግዢለት እንጂ! ስኳሩን አብዢለት። አንተም ቁጭ በል፣ እንዳትወድቅ። እኔ ገብቼ መጣሁ።" የነርሷን ክንድ ይዛ ገባች።

በሩ ሲዘጋ ጠጋ አልኳቸው። "የትኛው ፊልም ላይ ነው?"

"የቱ?"

"'እፈራለሁ' ያልካት።"

እህቴ ያመጣችላቸውን ሻይ በሁለት እጃቸው ያዙ። "ጋሼ፣ አንድም ፊልም ትዝ አላለኝም" አሉ። አመንኳቸው። እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያኔ ነው የገባኝ።

በማግስቱ ነርሷ ፋሻውን ፈታችላት። እማዬ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች። መጀመሪያ እህቴን አይታ "ከስተሻል" አለቻት። ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንተ! መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?" አለችኝ። ከዚያ አማቿን ፈለገች።

"እሱ የታለ?"

"አለሁ፣ እማማ።"

ድምፁን ተከትላ ወደ ላይ፣ ወደ በሩ ጉበን አካባቢ አየች። ማንም የለም። ቀስ በቀስ ዓይኗን ወደ ታች አወረደች፤ ክቡርነታቸው ትከሻዬ ላይ እንኳ አይደርሱም።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ እኮ በድምፅህ ግንብ የሚያክል ሰው ነበር የምትመስለኝ!"

ነርሷ ሳትቀር ሳቀች።

"ና እስቲ ልጄ፣ ጠጋ በል" አለቻቸው እማዬ። "በደንብ ልይህ።"

ጠጋ አሉ። ጉንጫቸውን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ስለነበር እሷን አላዩዋትም።