የንዑስ ማህደር ሹሞች እና አረንጓዴዋ አምፖል

ሥርዓት ሳይዝ የሚሠራ ነገር ሁሉ እንዳልሠራ ይቆጠራል። ይህን ታላቅ እውነት ያስተማሩን፣ ዕድሜ ከጤና ይስጣቸውና፣ የመሥሪያ ቤታችን ዳይሬክተር ናቸው። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት እኛ ዓይናችንን በጨው የታጠብን ሰዎች ነበርን፤ ፕሮግራማችን መሥራቱን ብቻ አይተን፣ ምንም ሳይቆረቁረን፣ በጊዜ ቤታችን እንገባ ነበር።

ፕሮግራሙ የተሠራው ለትልቁ የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከፍ ብሎ የተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ከየትኛው በር እንደሚነሳ የሚያሳየው እሱ ነው። ትልቅ ስለሆነ አንድ ሰው ጽፎ አይጨርሰውም፤ ሁላችንም በየፋይሉ ቁራጭ ቁራጭ እንጽፋለን። ከዚያ «ግንባታ» የምንለው ማሽን ፋይሎቹን ከየፎልደሩ ለቃቅሞ፣ ገጣጥሞ፣ ያለቀለት ፕሮግራም ያወጣል። ማሽኑ እጅግ ታዛዥ ነው። በገዛ ፈቃዱ ግን የትም አይሄድም። በየፎልደሩ «ወደዚህ ውረድ፣ ወደዚያም ውረድ» የሚል አጭር ትእዛዝ ይጻፍለታል። ከተጻፈለት ይወርዳል፤ ካልተጻፈለት እናቱም ብትጠራው አይወርድም።

ሥራውን ሲጨርስ ከቢሯችን በር በላይ ያለችው አምፖል ትበራለች። ስህተት ካገኘ ቀይ፣ ካላገኘ አረንጓዴ። ያኔ አምፖሏ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ነበረች፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ዳይሬክተሩ ሥራ በጀመሩበት ቀን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ስክሪን ላይ አጎነበሱ። ፎልደሮቻችን «ሰዓት»፣ «አውቶቡስ»፣ «ሰሌዳ»፣ «ቲኬት» ይባላሉ። ከዚህ የበለጠ አልተጨነቅንበትም።

«የሰዓት ኃላፊ ማን ነው?» አሉ።

«ማንም» አለች ሙሽሪት።

ሙሽሪት የግንባታ ማሽኑን የምትጠብቀው ባለሙያ ናት። ከታጨች ወዲህ ሁላችንም ሙሽሪት፣ ሙሽሪት ስንላት ዋናው ስሟ ተረስቶ ቀረ፤ እሷም አቤት ትላለች።

«ማንም? ሰዓትን የሚያህል ነገር ያለ ኃላፊ?»

«ፎልደር እኮ ነው፣ ጌታዬ። ውስጡ ፋይል አለ፤ ፋይሉ ይሠራል።»

«ይሠራል!» አሉና ወደ እኛ ዞረው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ፈቃድ ይሠራል! ነገ አልሠራም ቢልስ? ማንን ልንጠይቅ ነው?»

በማግስቱ ታሪካዊው ስብሰባ ተጠራ። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ንዑስ ማህደራትን በመርህ፣ በተዋረድ እና በራዕይ ማደራጀት የምርጫ ሳይሆን የህልውና ጉዳይ ነው» አሉ። አጨበጨብን። እኔ ከሁሉም አስበልጬ አጨበጨብኩ፤ ምን ለማለት እንደፈለጉ ስላልገባኝ ሰው እንዳያውቅብኝ ነው።

መመሪያው ቆንጆ ነበር፤ ቆንጆ ያልሆነ ነገር ከሳቸው አይወጣም። እያንዳንዱ ፎልደር በውስጡ ሌላ ፎልደር፣ ማለትም ንዑስ ማህደር፣ ይኖረዋል፤ ንዑሱም ንዑስ ይኖረዋል፤ ሁሉም ኃላፊ ይሾምበታል። ወይ ጉድ! ቢሮው በአንድ ሌሊት ሹም በሹም ሆነ። ደረጃ መውጣት ያቃተው ሁሉ ወደ ታች ፎልደር እየቆፈረ ይሾም ጀመር። ከእኛ መሃል «ኮሚቴው» የምንለው ሰው አለ፤ ያልተሰበሰበበት ቀን ራሱን ያመዋል። እሱ የ«አውቶቡስ» ፎልደርን ተረከበና ውስጡ «ትላልቅ»፣ የትላልቅ ውስጥ «ባለ ጎማ»፣ የባለ ጎማ ውስጥ «የሚንቀሳቀሱ»፣ የሚንቀሳቀሱ ውስጥ «ለጊዜው የቆሙ» የሚል ማህደር ከፈተ።

«ጎማ የሌለው አውቶቡስ አለ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አሁን የለም። ቢመጣ ግን ቦታ ሳናዘጋጅለት ልንዋረድ ነው?»

ይህን ያህል አርቆ ማሰብ ከኔ አእምሮ ውጪ ነው።

እኔ ሥራዬ ያለቀለትን ፕሮግራም መፈተሽ ነው፤ እኔም አልቀረሁም። «ልዩ ልዩ» ውስጥ ያለው «ሌሎች» የሚባል ማህደር ኃላፊ ሆንኩ። ደስታዬን ይዤ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ተቀብላ ጠየቀችኝ።

«ከሥርህ ስንት ሰው አለ?»

«ሰው እንኳ የለም።»

«ፋይልስ?»

«ገና ነው።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትመራው፣ አንተ ሰውዬ?»

«ባዶነቱን» አልኳት በኩራት። አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ጭቅጭቁ የተነሳው «የዘገየ አውቶቡስ» በሚባል አንድ ፋይል ላይ ነው። ፋይሉ አውቶቡስ ሲዘገይ ሰሌዳው ላይ «ዘግይቷል» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላ ጠባይ የለውም። የሰዓት ኃላፊ «መዘግየት የጊዜ ጉዳይ ስለሆነ የኔ ነው» አለች። ኮሚቴው ደግሞ የአንገቱ ሥር ተገትሮ «የዘገየው ሰዓቱ ነው ወይስ አውቶቡሱ?» ብሎ ተነሳ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ችግሩም ይኸው ነበር። ዳይሬክተሩ በጥበባቸው ሁለቱንም አስታረቁ። «በሰዓት ውስጥ የሚገኙ አውቶቡሶች» እና «በአውቶቡስ ውስጥ የሚገኙ ሰዓቶች» የሚሉ ማህደራት ተከፈቱና ፋይሉ ከመሃሉ ተቆርጦ ለሁለት ተካፈለ።

አምፖሏ ቀይ ሆነች።

ሙሽሪት ጭንቅላቷን ያዘች። ሰርጓ ቅዳሜ ነው፤ ያውም ሌላ ከተማ፣ እጮኛዋ ዳቦ ቤት ካለበት። የፈቃድ ጥያቄዋ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እሳቸውም አንዴ ተናግረዋል፤ አምፖሏ አረንጓዴ ሳትሆን የግንባታ ጠባቂ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም።

«ፋይሉን ልግጠመውና ልሂድ?» አለች።

«የተዋረዱን ስምምነት ልታፈርሺ ነው?»

«ሰርጌ ነው እኮ፣ ጌታዬ!»

«ሰርግ ይደርሳል፣ ልጄ። ሥርዓት ነው የሚያመልጠው።»

ሳምንቱን ሙሉ አንዱን ስታቃና ሌላው ይጎብጣል። እሷ ወደ አንዱ ፎልደር የሚያወርደውን ትእዛዝ ጽፋ ሳትጨርስ ኃላፊው ማህደሩን ወደ ሌላ ማህደር አዛውሮት ይገኛል፤ ከፍ ያለ ጎረቤት ፈልጎ። ማሽኑ ምስኪን ወርዶ ወርዶ «የለም» ብሎ ይመለሳል። አምፖሏ ከመቅላቷ የተነሳ የሁላችንም ፊት ቲማቲም መስሎ ዋለ። ሙሽሪት ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ የእሷ ነገር የእውነት አንጀቴን በላው።

ሐሙስ ዕለት የቢሮው ስልክ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው አነሱና ድምፁን ለሁላችንም ከፍ አደረጉት።

«ማን ልበል?»

«የሙሽሪት እጮኛ ነኝ፣ ጌታዬ። እባክዎ ይልቀቁልኝ። እንግዳ ተጠርቷል፤ ኬኩንም እኔው ራሴ እየጋገርኩት ነው።»

«ጎበዝ! ስንት ደርብ አለው?»

«ብዙ ነው፤ ከኔ ይረዝማል።»

«የየደርቡ ኃላፊ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ የምጋግረው» አለ ልጁ ግራ ገብቶት።

«ሁሉንም ደርብ አንድ ሰው? አደጋ ነው!» አሉና ደረታቸውን ነፉ። «ግዴለም፤ ቅዳሜ እኔ ራሴ መጥቼ ‹ትዳር እና ተዋረድ› በሚል ርዕስ ንግግር አደርጋለሁ። ረዘም ያለ ነው።»

ሙሽሪት ክንዴን ያዘችኝ። «ጋሼ» አለች በሹክሹክታ፣ «ከቀረሁ ጉድ ሆንኩ። ከሄድኩ ደግሞ እሳቸው ይመጣሉ።»

«አንዱን አንዱን እንወጣው፣ የኔ እህት» አልኳት። ምን ልበላት?

ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተሩ የመጨረሻውን መመሪያ ይዘው ገቡ። ሹመቱ ያልጸደቀለት ኃላፊ በሚመራው ማህደር ውስጥ ማሽኑ መውረድ የለበትም። ፍጹም ፍትሐዊ መመሪያ ነበር። የሚጎድለው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ኮሚቴው የሁሉንም ሹመት ተቃውሟል፤ ሁሉም ደግሞ የኮሚቴውን ሹመት ተቃውመዋል። የኔን እንኳ፣ ባዶውን፣ ሦስት ሰዎች ተመኝተውት ተቃውመውብኝ ነበር።

«ስለዚህ የጸደቀ የለም» አለች ሙሽሪት።

«አንድም የለም» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ወደ አንዱም ፎልደር እንዳይወርድ ልከልክለው?»

«መርህ መርህ ነው!»

ተቀመጠችና የማውረጃውን ትእዛዝ ሁሉ ጠራርጋ አጠፋች። ከዚያ ማሽኑን አስነሳችው። ድሮ ግንባታ ሲጀመር ሻይ ጠጥተን፣ ሰው አምተን፣ ተመልሰን እንጠብቀው ነበር። ያን ቀን ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ ጨረሰ። አምፖሏ ብልጭ አለችና፣ ጉድ በል አገር፣ አረንጓዴ ሆነች!

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ኮሚቴው ያገኘውን ሁሉ አቀፈ፤ እኔንም ሁለቴ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጌታዬ» አለች ሙሽሪት፣ «ይስሙኝማ። አረንጓዴ የሆነችው ማሽኑ ምንም ስላልገነባ ነው።»

«ስህተት አግኝቷል?»

«ምኑ ውስጥ ያገኛል? የትም አልወረደም እኮ።»

«ስህተት አግኝቷል ወይ ነው ያልኩሽ?»

«አላገኘም። ግን ፕሮግራሙ ባዶ ነው! ሰሌዳው ላይ ምንም አይወጣም!»

«ምንም ስህተት አይወጣም በይ!» አሉ በደስታ። «ልጄ፣ ድካም ነው እንዲህ የሚያናግርሽ። በይ ፈቃድሽን ውሰጂ፤ ተሞሸሪ።»

ወደ እኔ ዞሩና ፈትሸው አሉኝ። ፈተሽኩት። ከፈትኩት፤ ምንም የለም። ዘጋሁት፤ ያው ነው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ንጹሕ ፕሮግራም አጋጥሞኝ አያውቅም። «ስህተት አልተገኘም» ብዬ ሪፖርት አደረግኩ፤ ውሸቴ ነው? ፕሮግራሙ ወዲያው ለመናኸሪያው ተላከ። ሙሽሪትም ለመናኸሪያው ደውላ ባዶ መሆኑን ነገረቻቸው። «ዳይሬክተሩ ራሳቸው አጽድቀውታል፣ እህቴ» አሏት። ከዚያ በኋላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ እግሬ አውጪኝ አለች፤ ማን ይፈርድባታል።

ቅዳሜ ጠዋት እኔና ባለቤቴ ለሰርጉ ዘንጠን መናኸሪያው ደረስን። ትልቁ ሰሌዳ ጭር ብሏል፤ አንዲት ፊደል የለችበትም። ሰው ግን ብዙም የደነቀው አይመስልም። ረዳቶች የከተማ ስም እየጠሩ ይጮሃሉ፤ መንገደኛው እርስ በርሱ ይጠያየቃል፤ አውቶቡስ ሲሞላ ይሄዳል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የኛን አግኝተን ተቀመጥን። ሹፌሩ የሙሽራው አጎት ነው፤ እንግዳውን በሙሉ በስም ያውቀዋል።

በመስኮት ስመለከት ዳይሬክተራችን ሰሌዳው ሥር ቆመዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ንግግራቸውን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀልሰዋል። አጎትየው ወርዶ ሄደ። እኔም ተከተልኩት፤ ወሬ እንዲያመልጠኝ አልወድም።

«ጌታዬ፣ ይግቡ እንጂ! ልንነሳ ነው።»

«ሰሌዳው ላይ አልወጣችሁም።»

«መኪናው ያውና! ሞተሩ ተነስቷል!»

«ያልታወጀ መኪና አልሳፈርም። እኛ ነን የሠራነው፣ ወንድሜ። ስህተት የለውም።»

«ወደ ሰርጉ የሚሄደው ሰሌዳው ነው ወይስ እርስዎ?»

ዳይሬክተሩ በትዕግሥት ፈገግ አሉ፤ ላልተማረ ሰው እንደሚፈገግ። «እርስዎ በልማድ ይሂዱ። እኔ በሥርዓት እመጣለሁ።»

አጎትየው አየኝ። እኔም አየሁት። አፌን ልከፍት ስል የሙሽሪት ፊት ድቅን አለብኝ፤ «ትዳር እና ተዋረድ»ም አብሮ። አፌን መልሼ ዘጋሁና «እሳቸው ያውቃሉ፤ እንሂድ» አልኩ።

ሰርጉን ምን ልበላችሁ! ኬኩ ከሙሽራው ይረዝማል፤ ኃላፊ የሌለው ደርብ ሁሉ በሰላም ተበላ። ኮሚቴው እንኳ ማንንም ሳያስፈቅድ ጨፈረ። ሙሽሪት ነጭ ለብሳ በሩን ስታይ፣ ስታይ ቆይታ በመጨረሻ ጠጋ አለችኝ።

«ጋሼ፣ እሳቸውስ?»

«ሰሌዳው ሥር ናቸው። እስኪታወጅ እየጠበቁ።»

«ነግሬያቸው ነበር እኮ!» አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ አላቆም ብሎ ሚዜዋ ደግፋ ያዘቻት።

ሰኞ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሲገቡ ፊታቸው ብሩህ ነበር። ቅዳሜ እስኪመሽ እዚያው ቆመው ነበር፤ በኋላ የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው አባብለው የሸኟቸው። ቅር የተሰኙ ግን አይመስሉም። ከመናኸሪያው የምስጋና ቃል ደርሷቸዋል፦ አዲሱ ፕሮግራም ከገባ ወዲህ ሰሌዳው ላይ የዘገየ አውቶቡስ አንድም ጊዜ አልታየም፤ ከተጓዦችም መካከል ከሰሌዳው በተለየ ሰዓት አውቶቡስ ተነሳብን ብሎ የከሰሰ የለም። ይህን የመሰለ ውጤት ያመጣ ሰው በአንድ ቢሮ ሊወሰን ስለማይገባው፣ ዳይሬክተራችን ከመጪው ወር ጀምሮ መላውን መናኸሪያ እንዲያደራጁ ተሹመዋል። አውቶቡሶቹን በየጎማቸው ሊመድቡ ነው አሉ፤ ለየጎማው አንድ ኃላፊ።

አጨበጨብን፤ እኔም ከሁሉም አስበልጬ። ሲያልቅ ወጥቼ ጫማ ቤት ገባሁና ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ ገዛሁ፤ ከእንግዲህ በእግሬ ነው የምሄደው።